አሸተን ማርያምና ነአኩቶ ለአብ በአንድ ቀን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ገብቼ፣ እዚያው የሚኖሩትን እናቴንና አባቴን ይዤ ወደ ላሊበላ ለመሄድ አስቤአለሁ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እናቴ 66 ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ካርታ ላይ ሳየው የአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከከተማው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላሊበላ በገባን ማግስት ሆቴል ቁርስ በልተን በእግር ወጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ዋሻ ውስጥ ወዳለው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ተሻግረን፣ ማታ ከተማ ብንመለስ ይሆናል? እኔ በየሳምንቱ አሥር ኪሎ ሜትር ስለምሮጥ አልቸገርም፤ የሚያሳስበኝ ከፍታው በወላጆቼ ትንፋሽ ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። ለእናቴ በቅሎ ብንከራይ ችግሩ ይፈታል? አማርኛ ስለምንናገርና የስልክ ካርታ ስላለኝ አስጎብኚ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። እናቴ ጾማቸውን ሳይፈቱ መሳለም ይፈልጋሉ። በበቅሎ መውጣትም በረከቱን ያስቀርብኛል ይላሉ።»

አይሆንም። አሸተን ለብቻው ይሆናል፤ ነአኩቶ ለአብም ለብቻው ይሆናል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መቀጠል ግን ከእነዚህ ወላጆች ጋር አይሞከርም። ጥያቄዎን ሳነብ የታዘብኩት ነገር አለ፦ የተጨነቁበት ጉዳይ ብዙም አያስጨንቅም፤ እርግጠኛ ሆነው ያለፏቸው ጉዳዮች ግን አንድ ባንድ መታየት አለባቸው።

ከርቀቱ ልጀምር። የደጋ አገር መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አሸተን ማርያም ደግሞ ከተማዋን ቁልቁል በሚያየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ፣ 3,150 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ካርታው «አምስት ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚያሳይዎት መስመር ከ600 ሜትር በላይ ዳገት በውስጡ ደብቋል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው፣ በእግር ጉዞ ሥራ ያለን ሰዎች እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት አሸተን ለብርቱ እግረኛ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም ሳያርፍ፣ ፎቶግራፍ ሳያነሳ፣ ከእረኛ ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ። 71 ዓመት ከሞላቸው አባት ጋር ሦስት ሰዓት ይያዙ። መንገድ ላይ ያገኙት የአገሬው ሰው «ደርሳችኋል፣ እዚህች ጋ ናት» ቢልዎት አይመኑት። አልዋሸም፤ የነገረዎት በራሱ እግር ነው።

አሁን የእርስዎን እቅድ በሰዓት ላስቀምጠው። ሆቴል ቁርስ በልታችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትነሱ፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አሸተን ትደርሳላችሁ፤ ዳገቱን የወጣችሁት ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ነው። አንድ ሰዓት ብትቆዩ 7 ሰዓት ይሆናል። ለመውረድ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ከተማ የምትገቡት 9 ሰዓት ነው። ነአኩቶ ለአብ ያለው በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማው ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በደከመ እግር ሁለት ሰዓት ብንለው 11 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ መመለሻው ገና አልተነሳም። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብላ ትጠልቃለች። ምሽቱም እንደ ሜሪላንድ በጋ አይንቀራፈፍም፤ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግርዎ የሚረግጠውን አያዩም። ወላጆችዎን በጨለማ፣ በስልክ መብራት፣ ጠጠር በበዛበት መንገድ እየመሩ ማለት ነው።

ከፍታን በተመለከተ ፍርሃትዎን ያዞሩት ወደማይመለከተው ሰው ነው። ወላጆችዎ የሚኖሩባት አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሳንባቸውም ደማቸውም ለምዶታል፤ ላሊበላ ለእነርሱ እንግዳ አየር አይደለም። ከባሕር ጠርዝ የሚመጡት እርስዎ ነዎት። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አሸተን ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሯጭ መሆንዎ ከዚህ አያድንዎትም። የሠለጠነ እግር ዳገት ያፈጥናል እንጂ ደም ከፍታውን እንዲለምድ አያፋጥንም፤ ለዚህ ነው ከቡድኑ ሁሉ ቀድሞ ግንባሩን ይዞ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ስፖርተኛው የሚሆነው። አባትየው ምርኩዛቸውን ተደግፈው በዝግታ ሲያልፉት ደግሞ በጣም ይበሳጫል።

ስለዚህ ለእርስዎ የማዘው ይህ ነው፦ ወደ ላሊበላ ከመብረርዎ በፊት አዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ፣ ሦስት ቢሆን የተሻለ ነው። ላሊበላ ከገቡ በኋላም ሁለት ሌሊት ሳያድሩ አሸተን አይውጡ። ቀላል ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊያጋጥምዎት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ማስታወክ ከጨመረ፣ ወይም በቀጥታ መራመድ ካቃተዎት ግን «ትንሽ ልረፍና ልቀጥል» የሚባል ነገር የለም፤ መውረድ ነው። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ለእርስዎ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።

አባትዎን በተመለከተ ጥያቄው ከፍታው ሳይሆን መድኃኒታቸው ነው። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው፤ አንዳንዱ የልብ ምትን የሚያዘገይ ነው። ሁለቱም ዳገት ላይ ይሰማሉ፤ የመጀመሪያው በውኃ ጥም፣ ሁለተኛው ቶሎ በመድከም። ሐኪማቸውን «ከፍታ ቦታ ሊሄዱ ነው» ብለው አይጠይቁ፤ «600 ሜትር ዳገት በሦስት ሰዓት ሊወጡ ነው፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ይዋጡ?» ብለው ይጠይቁ። የጥያቄው ትክክለኛነት የመልሱን ትክክለኛነት ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ እሱም የእናትዎ ጉልበት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገትን ነው። ዳገት የሚፈትነው ልብንና ሳንባን ነው፤ ሲያቅትዎት ይቆማሉ፣ ትንፋሽዎ ይመለሳል፣ ይቀጥላሉ። ቁልቁለት ግን ጉልበት ላይ ነው የሚወርደው። በእያንዳንዱ እርምጃ ሙሉ ክብደትዎን የሚቀበለው የታጠፈ ጉልበት ነው፤ ቆመው ቢያርፉም ሕመሙ ይጠብቅዎታል እንጂ አይሄድም። በኅዳር ደግሞ ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ መሬቱ ደርቆ እንደ ጡብ ጠንክሯል፤ ላዩ ላይ የተበተነው ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ነው። እናትዎ የመውጫውን መንገድ በጸሎት ኃይል ይወጡት ይሆናል፤ የሚያስለቅሳቸው መውረጃው ነው።

እዚህ ላይ ነው የበቅሎው ጥያቄ የሚመጣው። በቅሎ መከራየት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የችግሩን ግማሽ ይፈታል። የሚፈታው ግን የማያስፈራውን ግማሽ፣ ማለትም መውጫውን ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ድንጋይ ደረጃ በሆነበት ቦታ ሰው በበቅሎ ላይ ተቀምጦ መውረድ የለበትም። ኮርቻው ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፣ ተቀማጩ ወደ ፊት ይደፋል፤ የጭነት ከብት ደግሞ በልማድ የምትሄደው በመንገዱ ውጭ ጠርዝ፣ በገደሉ በኩል ነው። ጨዋ ባለበቅሎ ራሱ «ይውረዱ እማማ» ይላል። ዝም ብሎ የሚጎትት ከሆነ እርስዎ ያስወርዷቸው።

በቅሎ ስትመርጡ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ኮርቻውን አስነሱና ጀርባዋን እዩ። የገጠበች በቅሎ ስቃይ ላይ ናት፤ ስቃይ ላይ ያለች ከብት ደግሞ ባልጠበቁት ቦታ ትራገጣለች ወይም ትተኛለች። ከሆዷ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ያልተበጣጠሰ መሆኑን፣ እርካቦቹ እኩል መንጠልጠላቸውን ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ከአንዲት እናት ጋር ስወጣ የግራው እርካብ ከቀኙ አራት ጣት ያህል አጥሮ ነበር። ማንም አላስተዋለም፣ እኔም ጭምር። ግማሽ መንገድ ላይ «ልጄ፣ ወገቤ ተጣመመ» ሲሉኝ ነው ያየሁት፤ እኒህ እናት አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው፣ ሳይናገሩ፣ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር የወጡት። ለማስተካከል የፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ኪራዩን ስትነጋገሩም መውጫውን፣ የሚጠብቅበትን ሰዓትና መመለሻውን ጨምሮ መሆኑን በግልጽ ተነጋገሩ። እናትዎ በእግር ቢወርዱም ባለበቅሎው ከጎናቸው እንዲሆን ማድረግ አለባችሁ፤ ጉልበት ቢከዳ አደገኛ ባልሆነው ሜዳማ ክፍል ላይ በቅሎዋ ትጠቅማለች።

ወደ አሸተን በኩል ከፊል መንገዱን መኪና የሚወጣበት ጥርጊያ አለ። እስከ ቤተ ክርስቲያኗ አያደርስም፤ የመጨረሻው ክፍል በእግር ነው። ሁኔታው በየክረምቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ በገባችሁ ዕለት ጠይቁ። እንግዶች ይህን ሲሰሙ የሚሠሩት ስህተት በመኪና ወጥቶ በእግር መውረድ ነው። ለወጣት ያምራል፤ ለታመመ ጉልበት ግን የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ነው። ለእናትዎ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ በበቅሎ መውጣት፣ መኪናው የሚደርስበት ድረስ በቀስታ በእግር መውረድ፣ ከዚያ በመኪና ከተማ መግባት። አባትዎና እርስዎ ከፈለጋችሁ ቁልቁለቱን በእግር ጨርሱት፤ ለአባትዎ ግን ከትከሻ በታች የሚደርስ ጠንካራ ዱላ ይያዙላቸው። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ አይሆንም፤ ጫፉ ይንሸራተታል።

ስለ አስጎብኚ ደግሞ፤ አማርኛ መናገር አገር ማወቅ አይደለም። የስልክ ካርታው ቦታዎን ያሳይዎታል፤ ከፊትዎ ካሉት ሦስት ቀጫጭን መንገዶች የትኛው የሰው፣ የትኛው የፍየል፣ የትኛው ገደል አፋፍ ላይ የሚያልቅ እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። ይህም ቢሆን ትንሹ ምክንያት ነው፤ በቀን መንገድ ብትስቱ እረኛ ይመልሳችኋል። ዋናው ምክንያት ቁልፍ ነው። ከከተማው ውጭ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከተማው ውስጥ እንዳሉት ቀኑን ሙሉ ተከፍተው እንግዳ አይጠብቁም። ቁልፉ ከቄሰ ገበዙ ጋር ነው፤ ቄሰ ገበዙ ደግሞ እንደ ማንኛውም ገበሬ እርሻ አላቸው፣ ለቅሶ አላቸው፣ ገበያ አላቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥታችሁ የተዘጋ በር ተሳልማችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ፈቃድ ያለው የአካባቢው አስጎብኚ ከዋዜማው ደውሎ ካህኑ መኖራቸውን ያረጋግጣል። ሌላም አለ፦ ሰው ቢወድቅ የሚመጣ አምቡላንስ የለም። ያለው ቃሬዛ ነው፣ የሚሸከሙትም ገበሬዎች ናቸው። በየትኛው ጎጆ በኩል ጮኾ ሰው መጥራት እንደሚቻል የሚያውቀው አስጎብኚው ነው። እናም ይቅጠሩ፤ የክፍያውንም ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።

ቀኑን በተመለከተ ቅዳሜን አስቡበት። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ተራራው ወደ ከተማ ይፈሳል። ገብስ የጫነች አህያ፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ እንቁላሉን በጭድ ሸፍና ቅርጫት ያቀፈች ሴት፣ ጫማውን እንዳያልቅበት አውልቆ በእጁ የያዘ ጎረምሳ፤ ሁሉም እየወረደ እናንተ ትወጣላችሁ። ከላሊበላ ዙሪያ መንገዶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይጨምርላችኋል። ነገር ግን በዚያው ቀን ባለበቅሎዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ካህኑም ገበያ ሊወርዱ ይችላሉ። ቅዳሜን ከመረጣችሁ በቅሎውንም ካህኑንም ሐሙስ ላይ አስይዙ። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ነው፤ አሸተን የማርያም ቤተ ክርስቲያን በመሆኗ የሚወጣው ሰው ይበዛል። ለበረከት ለሚመጣ ደስ የሚል ቀን ነው፣ ለታመመ ጉልበት ግን ጠባብ መንገድ ላይ መገፋፋት ነው።

ስለ ጾሙ በጥንቃቄ ልናገር፤ እኔ የእግር ጉዞ ባለሙያ እንጂ የንስሐ አባት አይደለሁም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ ጉዟችሁ በጾም ውስጥ ነው። እናትዎ ማስቀደስ ከፈለጉ አንድ ነገር ያስቡ፦ በጾም ወቅት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ በተለመደው ሥርዓት ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ገብቶ 9 ሰዓት ገደማ ነው የሚወጣው። አሸተን ላይ 9 ሰዓት ቅዳሴ ጠብቆ ቁልቁለት መጀመር፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማለት ነው። ይህን አልፈቅድም። ማስቀደሱን እሑድ ጠዋት ከተማው ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ያድርጉት። ወደ አሸተን ግን ለመሳለም ይውጡ፤ ማልደው ከወጡ ከቀትር በፊት ተሳልመው፣ ከዚያ ወርደው፣ 9 ሰዓትን ሆቴላቸው ውስጥ አረፍ ብለው ይጠብቃሉ። ጾሙም አይነካም፣ ጉዞውም አይጎዳም። ዳገት ላይ ያለ ውኃ መውጣታቸው ግን ከሥጋ ጤና አንጻር ስለማይመከር፣ ጉዳዩን ከመነሳታቸው በፊት ለንስሐ አባታቸው ያቅርቡት። ለአባትዎ ከመድኃኒታቸው ጋር የግድ ውኃ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ አያከራክርም።

ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ምክንያት አንድ ወር ሰላም የነበረ መንገድ በሚቀጥለው ወር ላይሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ ይዘው አይወስኑ። በሚበሩበት ሳምንት ሆቴሉን፣ አስጎብኚውን፣ ላሊበላ የሚኖር የሚያውቁትን ሰው ለየብቻ ይጠይቁ፤ የሦስቱ መልስ ካልተመሳሰለ አይሂዱ። ከተማው ሰላም ነው ማለት ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ሰላም ነው ማለት እንዳልሆነም ያስታውሱ፤ ለይተው ይጠይቁ። ከአሜሪካ የገዙት የጉዞ መድን ካለም ውሉን ያንብቡ፤ መንግሥት አትሂዱ ባለበት አካባቢ ለሚደርስ ጉዳት ብዙ መድኖች አይከፍሉም።

ሁሉም ከተሳካ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። በገባችሁበት ቀን ምንም አታድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆናችሁ ተመልክታችሁ ግቡና ተኙ። በማግስቱ ጠዋት ነአኩቶ ለአብን በእግር ሂዱ። መንገዱ ከፍ ዝቅ ቢልም እንደ አሸተን አያስተነፍስም፤ ትልቁ ጥቅሙም ከመኪና መንገድ አለመራቁ ነው። የደከመ ሰው ባለበት ቆሞ ባጃጅ ይሳፈራል። እዚያ ስትደርሱ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ለዘመናት በተቦረቦሩ የድንጋይ ገበታዎች ውስጥ ሲጠራቀም ታያላችሁ፤ እናትዎ ከዚያ ለመነሳት አይፈልጉም፣ አያጣድፏቸው። መመለሻውን በመኪና አድርጉት። ይህ ቀን ራሱን የቻለ ጉዞ ቢሆንም ለእኔ የሁሉም ነገር ፈተና ነው፦ አዲሱ ጫማ የት እንደሚልጥ፣ የእናትዎ ጉልበት ከሁለት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚል፣ የእርስዎ ራስ ምታት እንደለቀቀ የምታውቁት ከዚያ ነው። ማታ የእናትዎ ጉልበት ካበጠ አሸተንን በመኪና መንገዱ በኩል ብቻ አድርጉት፣ ወይም ተዉት።

በሦስተኛው ቀን አሸተን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ልክ ፀሐይ ስትወጣ ተነሱ። ብርድ ነው፤ ጋቢ ደራርባችሁ ጀምራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ታወልቃላችሁ። በየሃያ ደቂቃው ቁሙ፤ ማንም ባይደክም እንኳ ቁሙ። የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፦ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል የቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ካልደረሳችሁ፣ አናቱ በዓይን ቢታይም፣ ተመለሱ። ይህን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ለአስጎብኚው ንገሩት፤ ዳገት ላይ ሆኖ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የሚያልቀው «ትንሽ ነው የቀረው» በሚለው ነው።

ሌላውን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሉት። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር በአንድ ቀን ተሂዶ የሚመለሱበት አይደለም። ትርፍ ቀን ካላችሁ በመኪና ሂዱ፤ ከመኪናው መቆሚያ እስከ ዋሻው በጽድ ደን ውስጥ የሚወጣው አጭር ዳገት ለብቻው በቂ የእግር ጉዞ ነው። እርስዎ ሩጫው አልበቃ ብሎዎት የተራራውን አናት ካማረዎት ደግሞ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፣ የሁለትና የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ለብቻዎ ሌላ ጊዜ ይምጡ።

ጫማ የተለበሰና ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለጉዞው ብላችሁ የምትገዙት አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ስለሚወለቅ ትርፍ ካልሲ ያዙ፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ለማይጾም ዳቦ ቆሎ፣ ለሙዳየ ምጽዋቱና ለካህኑ የተዘረዘረ ብር። ባትሪው የተሞላ ስልክ።

የቀረው የእናትዎ ነገር ነው። ብዙ እናቶች እንደዚሁ ይላሉ፤ ሆቴል በር ላይ በቅሎዋ ተጭና ስትጠብቅ ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው የሚነሱ አይቻለሁ። ከእርሳቸው ጋር ስለ በረከት አይከራከሩ፤ አያሸንፉም። ይልቅ መንገዱን ይንገሯቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ በዐለት መካከል በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ይገባል፤ በቅሎ እዚያ አያልፍም፣ ባለጸጋም ጳጳስም ቢሆን የሚወርደው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እናትዎ በገዛ እግራቸው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይወጡታል። በቅሎዋ የምታደርገው ለዚያ ክፍል የሚሆን ጉልበት ማስተረፍ ብቻ ነው። ላሊበላ እስክትደርሱ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯቸው።